ቤተ መዘክሩን በማታ ለዐዋቂዎች እንክፈት

በአገራችን ቤተ መዘክር መጎብኘት የተማሪ ሥራ ሆኖ ይታያል። ተማሪዎች መምህራቸው እየመራቸው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈው ይገባሉ፤ በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠውን አይተው፣ ጥቂት ነገር በደብተራቸው ላይ ጽፈው ይወጣሉ። አባትና እናት ቢገኙም ልጆቻቸውን ለማሳየት ነው እንጂ ራሳቸው ለማየት የመጡ አይመስላቸውም። ልጁ «አባዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ አባት በግድግዳው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ይመልሳል፤ ጽሑፉ ያልገባው እንደሆነ ደግሞ «በል መሽቷል፣ እንሂድ» ብሎ እጁን ይዞት ይወጣል። እንግዲህ አባትየው ራሱ መጠየቅ የሚፈልገው ነገር የለውም ማለት ነውን? አለው እንጂ። ነገር ግን በልጁ ፊት አለማወቁን መግለጥ ያሳፍረዋል። እፍረቱም የሚያስወቅሰው አይደለም፤ አባት በቤቱ እንደ ዐዋቂ የሚታይ ነውና።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ከዚህ እፍረት ጋር የተያያዘ ነው። በሌላው ዓለም የሚገኙ ታላላቅ የሳይንስ ቤተ መዘክሮች ልጆች የማይገቡበት፣ ለዐዋቂዎች ብቻ የሚሆን ምሽት ለይተው አዘጋጅተዋል። በዚያ ምሽት የቢሮ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ሐኪሙና ሠዓሊው ከሥራ በኋላ ይመጣሉ፤ መሣሪያውን በእጃቸው ይነካካሉ፤ ሊቃውንቱን ፊት ለፊት ይጠይቃሉ፤ ይጫወታሉ፤ ይስቃሉ። እኔ በበኩሌ ይህ ልማድ ለእኛም እጅግ የሚያስፈልግ ነው እላለሁ። ደግሞም በአዲስ አበባ ብቻ ተወስኖ እንዲቀር አልመኝም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በሐይቅ ዳር የተቀመጠችው የባቱ ከተማ ለእንዲህ ያለው ምሽት ከማንም ይልቅ የተመቸች መሆኗን ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሚመስል እንመልከት። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ «ኤክስፕሎራቶሪየም» የሚባል የሳይንስ ቤተ መዘክር አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ያቋቋመው ፍራንክ ኦፐንሃይመር የሚባል የፊዚክስ መምህር ሲሆን፣ የአቶም ቦምብ እንዲሠራ የተደረገውን ምርምር የመራው የሮበርት ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም ነበር። የቤተ መዘክሩ ደንብ «አትንካ» የሚል ሳይሆን «ንካና እየው» የሚል ነው። ይኸው ቤት ሐሙስ ማታ ማታ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ብቻ ይከፈታል። በዚያው ከተማ የሚገኘው የካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚም እንዲሁ ሐሙስ ማታ 21 ዓመት የሞላቸውን ብቻ የሚያስገባበት ምሽት አለው። በለንደን ያለው የሳይንስ ቤተ መዘክር ደግሞ ለብዙ ዓመታት በወሩ የመጨረሻ ረቡዕ ለዐዋቂዎች ሲከፈት ቆይቷል። በርሊን ከ1997 ጀምሮ ብዙ የከተማው ቤተ መዘክሮች በአንድ ሌሊት በራቸውን ክፍት የሚያደርጉበትን ልማድ አምጥታ ሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ተከትለዋታል።

ይህ ሁሉ የትናንት ፈሊጥ፣ የሀብታም አገር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ ኋላ ተመልሶ ታሪኩን ይመርምር። በ1857 በለንደን የሳውዝ ኬንሲንግተን ቤተ መዘክር በተከፈተ ጊዜ ኃላፊው ሄንሪ ኮል ሕንፃውን በጋዝ መብራት እያበራ ማታ ማታ ለሕዝብ አስከፈተው። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ሠራተኛው ቀን በፋብሪካ ስለሚውል ቀን የሚከፈት ቤተ መዘክር ለእርሱ እንደ ተዘጋ ይቆጠራል። ማታ ካልተከፈተ የሥራ ልብሱን ቀይሮ ሚስቱን ይዞ የሚሄደው ወደ መጠጥ ቤት ነው። ዛሬ በለንደን የምናውቀው የሳይንስ ቤተ መዘክር የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ስለዚህ የማታው በር መጀመሪያ የተከፈተው ለሀብታም ሳይሆን ለወዛደሩ ነው።

ከዚህም የሚቀድም አንድ ታሪክ አለ። ማይክል ፋራዴይ በ1791 የተወለደ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ድኻ ስለ ነበረ በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ከሚጠርዝ ሰው ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። እየጠረዘ ያነብ ነበር። በ1812 አንድ የመጽሐፍ ደንበኛ በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጠውን የሰር ሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት እንዲሰማ የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ፋራዴይ ሄዶ ሰማ፤ የሰማውን ሁሉ በጥንቃቄ ጻፈ፤ ጽሑፉንም በራሱ እጅ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በሚከተለው ዓመት የዴቪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚወለድ ያረጋገጠ እርሱ ነው። ዛሬ በቆቃም ሆነ በግልገል ጊቤ፣ በህዳሴውም ግድብ ውስጥ የሚሽከረከረው መሣሪያ ሁሉ የሚሠራው ያ የአንጥረኛ ልጅ ባገኘው ሕግ ነው።

ፋራዴይ ራሱ በታወቀ ጊዜ የመጣበትን መንገድ አልረሳም። በ1820ዎቹ በዚያው ቤት የዓርብ ምሽት ጉባኤ እንዲጀመር አደረገ፤ ጉባኤውም እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። በእኛ አገር ይህን ታሪክ ስንሰማ ልባችንን ሊነካው ይገባል። እኛ ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያልን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን ከማዕድ እያራቅን የኖርን ሕዝብ ነን። ከእነዚያ ስንት ፋራዴይ እንዳመለጠን ማን ይቆጥረዋል? አንዲት የመግቢያ ወረቀትና አንድ ምሽት የሚያህል ነገር አጥተው የቀሩ ብዙ ናቸው።

«ዐዋቂ በማታ መማር» የሚለው ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» የተባለው የማታ ትምህርት ቤት ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ ጎልማሶችን ያስተማረ ቤት ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም አያቶችን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በኩራዝ ብርሃን ፊደል አስቆጥሯል። የሽማግሌ ጣት ከርሳስ ጋር ሲታገል ያየ ሰው፣ ሰው ለመማር እንደማያረጅ ይመሰክራል። ነገር ግን ዘመቻው ያስተማረው ማንበብን ነው። ማንበብ ደግሞ በር ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ክፍል ለዐዋቂው ያሳየው ሰው ጥቂት ነው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው በ50 ዓመቱ ስለ ሰማይ፣ ስለ ምድርና ስለ ገዛ ሰውነቱ የሚያውቀው ከስምንተኛ ክፍል መጽሐፉ ያስታወሰውን ያህል ብቻ ነው።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሳይንስ ሙዚየም ተመርቆ ተከፍቷል። 6.78 ሄክታር በሆነ ቦታ ላይ 15 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ሕንፃ ነው፤ ተመልካቹ ቀና ብሎ የሚያይበት ባለ ጉልላት ማሳያም አለው። ከዚያ ሌላ በብሔራዊ ሙዚየም በኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ አለች። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከባቱ ተነሥቶ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይህን ለማየት የሚችል ዓሣ አጥማጅ ስንት ነው? የአበባ እርሻ ሠራተኛዋስ የቀን ደመወዟን ትታ፣ የመኪና ከፍላ ትሄዳለች? አትሄድም። እርሷ ወደ ቤተ መዘክሩ የማትሄድ ከሆነ ቤተ መዘክሩ በአንድ ምሽት ወደ እርሷ ይምጣ።

«ለምን ዐዋቂ ብቻ? ልጆቹስ ምን በደሉ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ሦስት ምክንያት እሰጣለሁ።

አንደኛው ከላይ የገለጥሁት እፍረት ነው። ልጅ በሌለበት ዐዋቂ ልጅ ይሆናል። አጠገቡ ያለው ጎረቤቱም እንደ እርሱ የማያውቅ መሆኑን ሲያይ ድፍረት ያገኛል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደሚባለው፣ ካለመጠየቅ የቀረብን ነገር ብዙ ነው።

ሁለተኛው፣ በልጅ ፊት የማይነገር ነገር መኖሩ ነው። ስለ ፅንስና ስለ ወሊድ፣ በግንኙነት ስለሚተላለፍ በሽታ፣ መጠጥ ጉበትን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ሰው ሲሞት በሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን በግልጽ ለመነጋገር ጨዋነታችን ልጆችን «ውጡ» እንድንል ያስገድደናል። ይህ ጨዋነት ይከበር፤ ነገር ግን ልጆቹ ከወጡ በኋላ ወሬው ሐሜት ከሚሆን ዕውቀት ቢሆን ይሻላል።

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ዛሬ የሚወስነው ዐዋቂው ነው። መረቡን የሚጥለው፣ የውኃ መሳቢያውን የሚያስነሣው፣ መድኃኒቱን በቲማቲም ላይ የሚረጨው፣ የቤቱን በርሜል የሚከድነው ወይም ክፍቱን የሚተወው፣ ልጁ ነው? አይደለም። «ልጆቻችንን እናስተምር፣ እነርሱ አድገው ያስተካክሉታል» ማለት ደግ አነጋገር ይመስላል። ነገር ግን ልጁ አድጎ እስኪደርስ ሐይቁ ይጠብቀዋል ወይ?

እንግዲህ ወደ ባቱ እንምጣ። ቀድሞ ዝዋይ ስትባል የነበረችው ይህች ከተማ የሳይንስ ቤተ መዘክር የላትም። ነገር ግን ዓይኑን ለገለጠ ሰው ከተማዋ ራሷ በቤተ መዘክር ውስጥ የተሠራች ናት። የጎደለው ሕንፃ አይደለም፤ የሚያሳይና የሚያስረዳ ሰው ነው። በአንድ አዳራሽ ውስጥ አራት ወይም አምስት ጠረጴዛ ተደርድሮ ምን ምን ሊታይበት እንደሚችል ልዘርዝር።

በመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ድንጋይ ይቀመጥ። ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ጋደሞታ የሚባል ኮረብታ አለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ተመራማሪዎች ቆፍረው ከባልጩት የተሠሩ ብዙ የድንጋይ መሣሪያዎች አግኝተውበታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የወጣ ጥናት የእሳተ ገሞራውን አመድ ዕድሜ መርምሮ መሣሪያዎቹ ከ276 ሺህ ዓመት የሚበልጡ መሆናቸውን አስታወቀ። በ2013 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዮናታን ሳህሌና ጓደኞቹ ከእነዚህ ድንጋዮች አንዳንዶቹ በተወርዋሪ ጦር ጫፍ ላይ ይሰኩ እንደ ነበር ከስብራታቸው ምልክት ተነሥተው ገለጡ። በኦሞ ሸለቆ የተገኙት የጥንት ሰዎች አጥንቶች 230 ሺህ ዓመት ያህል እንደሚሆናቸው ስናስብ፣ ጋደሞታ ከእነርሱም የቀደመ የእጅ ጥበብ የታየበት ስፍራ ነው ማለት ነው። የመልካ ቁንጥሬና የባልጩት የጥንት ስፍራ በ2024 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ተደስተናል። ለመሆኑ በባቱ ቡና ቤት ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ጋደሞታ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ስንቱ ይሆን? በደቡብ በኩል ያሉ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በባልጩት ይፍቁ ነበር። የናቅነው ሙያ የሰው ልጅ የመጀመሪያ ጥበብ ቅርንጫፍ መሆኑን ባልጩቱን በእጁ ይዞ የተረዳ ሰው፣ ከዚያ ምሽት በኋላ ፋቂውን በዱሮው ዓይን አያየውም።

በሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ የሐይቁ ታሪክ ይቅረብ። ከዛሬ 10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ዝናብ በበዛበት ዘመን፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ተገናኝተው አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ። የውኃው ከፍታ ዛሬ ዝዋይ ካለበት ከ30 ሜትር በላይ ስለ ነበረ ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ዛሬ ባቱ የቆመችበት ስፍራም ያን ጊዜ የሐይቅ ወለል ነበረ። ይህን የሰማ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚረግጠው አፈር ሌላ ሆኖ ይታየዋል። ስምጥ ሸለቆው ራሱ ገና እየተከፈተ ነው፤ የሁለቱ ወገን ምድር በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃል። ከሐይቁ በስተ ደቡብ ያለው የአሉቶ ተራራ በውስጡ ያለው ሙቀት ያልበረደ እሳተ ገሞራ ነው። በ1990 ዓ.ም. በእንፋሎቱ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት 7.3 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል ያለው ጣቢያ የተተከለበትም ስለዚሁ ነው፤ በአገራችን ከምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ በማመንጨት የመጀመሪያው ነበር።

ሦስተኛው ጠረጴዛ የዓሣ ይሁን። በባቱ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ ባለሙያዎቹ እዚያው ከተማ ውስጥ የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው። አንድ አጉሊ መነጽርና አንድ የመስተዋት ገንዳ ይዘው ቢመጡ፣ ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ እንደምታስፈለፍል፣ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው በእናታቸው አፍ እንደሚሸሸጉ ለሰው ያሳያሉ። ዓሣ አጥማጁ አፏ የሞላ ቆሮሶ ሳያይ አልኖረም ይሆናል። ነገር ግን በዚያ አፍ ውስጥ ያለው የሚመጣው ዓመት ገበያ መሆኑን በአጉሊ መነጽር ሲያይ፣ ዓይነ ጠባብ መረብ ለምን እንደሚከለከል ማንም ፖሊስ ሳያስረዳው ይገባዋል። «ዓሣ መብላት በብልሃት» የሚለው ተረት እሾሁን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ደግሞም ዓሣ አጥማጁ የሚማር ብቻ ሳይሆን የሚያስተምርም ይሁን። ነፋሱ ከወዴት ሲነፍስ ዓሣው ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ወር የትኛው ዳርቻ እንደሚደርቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። ሊቁና አጥማጁ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ሁለቱም አትርፈው ይነሣሉ።

አራተኛው ጠረጴዛ የውኃ መጠጥ ነገር ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከጉድጓድ የሚወጣው ውኃ በብዙ ስፍራ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትን ይጎዳል። ፍሎራይድ ቀለምና ሽታ ስለሌለው በዓይን አይለይም፤ ውኃውን በማፍላትም አይጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ውስጥ ይበረታል። ከተቃጠለ የከብት አጥንት በተሠራ ከሰል ማጣራት እንደሚቻል ታውቋል። «አጥንት በውኃዬ ውስጥ አላስገባም» የሚል ሰው ይኖራል፤ ይህን ማለት መብቱ ነው። ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ የሚከራከርበት ስፍራ ግን ያስፈልገዋል። ጥርስ የሚበልዘው በልጅነት፣ ከድዱ ሳይወጣ ገና ሲሠራ ስለ ሆነ፣ ልጁ ራሱ መናገር በማይችልበት ዕድሜ ስለ እርሱ የሚወስኑት ወላጆቹ ናቸው። እነሆ፣ የዐዋቂዎች ምሽት ለልጆች የሚጠቅመው እንዲህ ነው።

አምስተኛው ጠረጴዛ የትንኝ ነው። ወባ የረግረግና የገጠር በሽታ ናት ስንል ኖረናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ግን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ሌሎች የአገራችን ከተሞች ተስፋፍታለች። ይህችኛዋ በከተማ መኖር የሚስማማት፣ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ በሚጠራቀም ንጹሕ ውኃ ውስጥ የምትራባ ናት። የበርሜሉን ክዳን የያዘው ደግሞ የቤቱ ባለቤት ነው። ዕጯ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስትወራጭ ለአንድ ደቂቃ ያየ ሰው ማታውኑ ሄዶ በርሜሉን ይከድናል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ከጠረጴዛዎቹ ሁሉ በላይ ግን የዚህ ምሽት ትልቁ ቁም ነገር የሐይቁ ዕጣ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ስፋት 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሲያዩት ባሕር ይመስላል። አማካይ ጥልቀቱ ግን 2 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ሰፊ ትሪ እንጂ ጋን አይደለም። የመቂና የካታር ወንዞች ይመግቡታል፤ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ደግሞ እርሱ አብያታን ይመግባል። ከዐሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው ዳር የአበባ እርሻ ተስፋፍቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንጀራ አግኝተውበታል። በዙሪያውም የሽንኩርትና የቲማቲም አትክልተኛ በውኃ መሳቢያው ከሐይቁና ከወንዞቹ ይጠጣል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ደርሶበታል። አብያታ ከላይ የሚመጣለት ውኃ በመቀነሱና ከራሱም በመቀዳቱ ዳርቻው እጅግ ወደ ኋላ መሸሹን ያየ ሰው የዝዋይን ነገር ሲያስብ እንቅልፍ አይወስደውም።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ ልጥቀስ። ሐይቁ በአንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጎድል የጎደለው ውኃ 4 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ነው። በአንድ ሜትር ቢጎድል ደግሞ ከአማካይ ጥልቀቱ ከመቶው 40 እጅ ያህል ሄደ ማለት ነው። ይህ ሒሳብ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው። ነገር ግን ተማሪው መሳቢያ የለውም። መሳቢያ ያለው አትክልተኛ፣ የአበባ እርሻው ኃላፊ፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀ መንበርና የከተማው ሹም በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰሌዳ ፊት ቆመው ይህን ቁጥር በጋራ ቢያዩት፣ ክርክራቸው ከዚያ ቀን በኋላ «አንተ ወሰድህ፣ አንተ ወሰድህ» ከመባባል አልፎ «ስንት ቀረ? ስንትስ እንውሰድ?» ወደሚል ይለወጣል። ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ማለት አይደለምን?

አሁን ደግሞ ተቃውሞዎቹን እንመልከት።

«በውጭ አገር በእንዲህ ያለው ምሽት መጠጥ ይሸጣል፤ ይህ ነገር ዞሮ ዞሮ ሌላ መጠጥ ቤት ይሆናል» የሚል ሰው አለ። እውነት ነው፤ በውጭ አገር መጠጥ ይቀርባል። በባቱም አጠገብ የወይን ተክል ስላለ ሰበብ አይጠፋም። እኔ ግን መጠጡን ከውጭ አገር ልማድ ጋር አብረን መቅዳት የለብንም እላለሁ። እኛ ሰውን አሰባስቦ ማጫወት የሚችል የራሳችን ሥርዓት አለን፤ እርሱም ቡና ነው። ጀበናው ይጣድ፤ ፈንዲሻው ይቅረብ፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለአንድ ትምህርትና ለብዙ ጥያቄ ይበቃል። መጠጥ ቤቱን ማሳደድ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ከጎኑ ሌላ በር መክፈት ነው። ሰው ማታ የሚሄድበት ሌላ ስፍራ ሳይሰጡት «ለምን መጠጥ ቤት ሄደ?» ብሎ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው።

«ሴቶች በማታ እንዴት ይመጣሉ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። በአበባ እርሻ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ሴቶች የማይመጡበት ምሽት ደግሞ ግማሽ ምሽት ነው። ስለዚህ ሰዓቱ አይምሽ፤ ከአመሻሹ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከምሽቱ 2 ሰዓት ቢያበቃ ይበቃል። የባጃጅ ነጂዎች ማኅበር ለዚያ ምሽት ተራ ቢያወጣ፣ መንገዱም መብራት ቢኖረው ችግሩ ይቃለላል። ሕፃን ልጅ ያላት እናትም እንዳትቀር በአጠገብ ባለ ክፍል ልጆችን የምትጠብቅ ሰው ትመደብ። እናትን በቤት አስቀርቶ ስለ ልጆች ጥርስና ስለ ቤት በርሜል መነጋገር ከንቱ ድካም ነው።

«በምን ቋንቋ?» ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። ሰው በሚጠይቅበት ቋንቋ ይመለስለት። በባቱ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ይነገራል፤ ከደሴቶቹ የሚመጣው የዛይ ሽማግሌም የራሱ ቋንቋ አለው። ሳይንስ በማንም ቋንቋ ሲነገር ያምርበታል። የማያምርበት ከአስረጂው በቀር ማንም በማያውቀው ቋንቋ ሲነገር ነው።

«ገንዘቡስ?» ይባላል። እኔ ሕንፃ ይሠራ አላልሁም። የትምህርት ቤት አዳራሽ ማታ ባዶውን ያድራል። አጉሊ መነጽር በትምህርት ቤቱም በምርምር ማዕከሉም ይገኛል፤ በአቅራቢያው በአዳሚ ቱሉ ደግሞ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ። ድንጋዩ፣ ዓሣው፣ ውኃውና ትንኟ በነጻ የሚገኙ ናቸው። ማስታወቂያውን ዕድሮች በጥሩንባቸው ቢያሰሙልን ከጋዜጣ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል። በአዲስ አበባ ያለው የሳይንስ ሙዚየምም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አንዳንድ መሣሪያውንና ባለሙያውን በመኪና ጭኖ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ቢልክ የአገር ሙዚየም የሚለውን ስም በሚገባ ያገኘዋል። በእንጦጦ አናት ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ እነርሱን ማንሣት ባይቻልም አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ ይዞ የሚመጣ ሰው ማግኘት ግን አያስቸግርም። ጨረቃ በሌለችበት ማታ በሐይቁ ዳር ያለውን ሰማይ በእርሷ ማየት ብቻ አንድ ምሽት ይሞላል። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት ሆና በታየች ጊዜ ከልጆች ይልቅ ዐዋቂዎች ሲጨነቁና ሲጠያየቁ ነበር። ይህ የሚያሳየው ጥያቄው በልባችን ውስጥ መኖሩን ነው፤ የሚጠይቁበት ስፍራ ነው የጎደለው።

በዝዋይ ደሴቶች፣ ይልቁንም በቱሉ ጉዶ፣ የሚተረክ አንድ ትውፊት አለ። በዮዲት ዘመን አገር በታወከ ጊዜ ካህናት ከአክሱም ታቦትና መጻሕፍት ይዘው መጥተው በዚህ ሐይቅ ውስጥ እንደ ተጠለሉ ይነገራል። የትውፊቱን ዝርዝር መመርመር የታሪክ ሊቃውንት ሥራ ነው፤ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት በደሴቱ ተጠብቀው መኖራቸው ግን እውነት ነው። እንግዲህ ይህ ሐይቅ በአስጨናቂ ዘመን ዕውቀትን የሸሸገና ያቆየ ሐይቅ ነው። ዛሬ ተራው ተገላብጦ ሐይቁ ራሱ ጥበቃ የሚሻበት ዘመን ደርሷል፤ የሚጠብቀውም በዙሪያው የሚኖረው ዐዋቂ ሰው የሚያገኘው ዕውቀት ነው።

ስለዚህ ለባቱ ከተማ አስተዳደር፣ ለምርምር ማዕከሎቹ፣ ለመምህራንና ለዕድር ዳኞች የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በወር አንድ ምሽት ይመደብ። ልጆቹ ለአንድ ማታ በቤት ይቆዩ፤ ወላጆቻቸው ተምረው ይምጡላቸው። በማግሥቱ ጧት ልጅ «አባዬ፣ ትናንት ማታ ምን አየህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አባት ግድግዳ ላይ የተጻፈ ሳይፈልግ በዓይኑ ያየውን ይነግረዋል። እንዲህ ያለው አባት በልጁ ዘንድ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። መጀመር ያለበት ግን ዛሬ ነው፤ ሐይቁ ቀጠሮ አይሰጥም።